ዲምቱ ድረስ የተሸከምነው መርዶ

ከሶዶ ዲምቱ ሩቅ አይደለም። ጠዋት ከመናኸሪያ የተነሳ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ሳይመሽ ቤቱ ሊገባ ይችላል። እኔ ግን ሐሙስ ተነስቼ እህቴ ደጃፍ የቆምኩት ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መንገድ አልተዘጋም፤ መኪናም አልጠፋም። ፈርተን ነው። ይህን የምጽፈው ዲምቱን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ ሰዎች ነው። ከተማዋ ብዙ የሚታይ ነገር ኖሯት አይደለም። ፍርሃት አጭር መንገድ እንዴት እንደሚያስረዝም ያየሁት በዚያ ጉዞ ስለሆነ ነው።

አስቀድሜ ለምን እንደሄድን ልናገር።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ሞተ። ሁምቦ ውስጥ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር፤ በሞተር ሳይክል እየዞረ ከብት ይከትባል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ተገለበጠበት። ከዚህ በላይ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ድንኳን ውስጥ የተናገረ ሰው ሁሉ "ፍርሃት የሚባል የማያውቅ" ሲለው ዋለ። ማርቆስ ውሻ ይፈራ ነበር። በሬ በቀንዱ ይዞ የሚጥል ሰው ቡችላ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ለሞተ ሰው ፍርሃት አይፈቀድለትም። ፍርሃቱ ሁሉ ለእኛ ለቀሪዎቹ ተትቶልናል፤ እኛም ሳናፍር እንጠቀምበታለን።

እህታችን ብርሃኔ ከሁለታችንም ትበልጣለች። ዲምቱ ለአንድ መምህር ተድራ ትኖራለች። ማርቆስ ሲሞት እሷ ገና መውለዷ ነበር። ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይደርቃል፣ ደሟ ይታወካል፣ ሕፃኑም ይጎዳል ይባላል። ወተት ሲደርቅ ያየ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም፤ የሰማ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ማርቆስ ተለቀሰ፣ ተቀበረ፣ ድንኳኑም ፈረሰ፤ ብርሃኔ አልሰማችም።

እሷ ግን ስልክ አላት። የማርቆስ ስልክ ደግሞ ከአደጋው ተርፏል። ጥሪው የላም ድምፅ ነው፤ ማርቆስ ራሱ ከሁምቦ ላም ቀድቶ ያስገባው፤ እንዲህ ያለ ስልክ ሌላ ሰው ጋ አይቼ አላውቅም። ከቀብሩ ማግስት ላሟ እምቧ አለች። ብርሃኔ ናት። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ለቅሶ የመጡት ሁሉ ስልኩን እንደ እባብ ከበው ቆሙ። ቢዘጋ ትጠረጥራለች፤ ቢነሳ ምን ይባላል? አጎታችን ጋሽ ላሊሶ መላ አገኙ። የእኔና የማርቆስ ድምፅ አንድ ነው፤ በስልክ የለየን ሰው የለም።

"አንተ አንሳ" አሉኝ። "ደህና ነኝ በል። ሥራ በዛብኝ በል። ኔትወርክ የለም ብለህ ዝጋ።"

አነሳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርሃኔ በደወለች ቁጥር ማርቆስ እኔ ነበርኩ። "አንተ ውሻ ፈሪ፣ መቼ ነው የእህትህን ልጅ የምታየው?" ትለኛለች። "በሚቀጥለው ሳምንት" እላለሁ። ሌላ የምለው ሲጠፋኝ "እህል በልተሻል?" እላታለሁ። ስልኩ ሲዘጋ በቤት ያለው ሰው ሁሉ "እፎይ፣ ዛሬም ተረፍን" ይላል። ከምን እንደተረፍን የጠየቀ የለም።

ረቡዕ ግን እንዲህ አለችኝ። "ማርቆስ፣ ሰለቸኝ። አንተ ካልመጣህ ሰኞ ልጁን አዝዬ እኔ ሁምቦ እወርዳለሁ።"

"አትምጪ፣ መንገዱ አቧራ ነው" አልኳት።

"አንተ ውሻ ትፈራለህ፣ እኔ ደግሞ አቧራ ልፍራ?" ብላ ሳቀች።

ብርሃኔ እመጣለሁ ካለች ትመጣለች። ሰኞ ሁምቦ ወርዳ "ማርቆስ የሚባል የከብት ሐኪም የት አገኛለሁ?" የምትለው የመጀመሪያው ሰው መርዶውን ይነግራታል። መንገድ ላይ፣ ልጅ አዝላ፣ ከማያውቃት ሰው። ስለዚህ ከሰኞ በፊት ከእኛ አፍ መስማት ነበረባት። መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጋሽ ላሊሶን ጨምሮ ሽማግሌዎቹ ያሉት ቦዲቲ ነው። እኔ ሄጄ እንዳመጣቸውና አብረን ዲምቱ እንድንሄድ ተወሰነ።

ሐሙስ

እናቴ ከቤት ስታስወጣኝ ትእዛዟ ረጅም ነበር። ከሹፌሩ አጠገብ እንዳልቀመጥ። ከሹፌሩ ኋላም እንዳልቀመጥ። ሞተር ሳይክል የሚባል እንዳልነካ። የማርቆስን ስልክ ድምፁን እንዳላጠፋ፣ ብርሃኔ ደውላ ካጣችኝ ትደነግጣለችና። በጎማ በኩል አትቀመጥ ስትለኝ "የትኛው ወንበር ነው ጎማ የሌለበት?" አልኳት። አልሳቀችም። እኔም መሳለቄን አልተውኩም። ሶዶ ድሮም የጥንቃቄ ከተማ ናት፤ ሰዉ አንዲት ዶሮ ለመጠበቅ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተክላል። ከማርቆስ በኋላ ግን የእኛ ሰፈር ሰው ባጃጅ ሲያይ እንኳ ግድግዳ ይጠጋል።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ አንዲት ሴትዮ እንጸልይ አሉ። ጸለይን። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ "አሁን የፈራ ይውረድ!" ብሎ ጮኸ። ማንም አልወረደም፤ ግን ሁሉም የፊቱን ወንበር ጨበጠ። እስከ ቦዲቲ ድረስ መንገዱ አስፋልት ነው፤ የተደናቀፍንበት ጉድጓድ አልነበረም። ከጎኔ የነበረ ሰው "በጣም ጥሩ መንገድ ነው" አለኝና ወዲያው "ጥሩ መንገድ ነው የሚያፈጥነው፤ የሚያፈጥነው ነው የሚገድለው" ብሎ ጨመረ። መንገዱ መጥፎ ቢሆን ኖሮም የሚለው ነገር አያጣም ነበር።

ቦዲቲ ከሶዶ አነስ ትላለች፤ ጫጫታዋ ግን አያንስም። ጋሽ ላሊሶ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሻንጣቸውን ይዘው የሚጠብቁኝ መስሎኝ ነበር። ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያ ታስሮ ነበር። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው ማሽን ነው። ይለካሉ፤ ቁጥሩ አይጥማቸውም፤ ትንሽ አርፈው ደግመው ይለካሉ። ይህኛውም ካልጣማቸው ሌላኛውን ክንድ ይሞክራሉ።

"ዛሬ ከፍ ብሏል" አሉኝ። "በዚህ ግፊት ዲምቱ ብወርድ እዚያ ሁለት ለቅሶ ይሆናል።"

"ነገስ?"

"ነገ ጠዋት ለክተን እናያለን።"

ከዚያ እኔንም ለኩኝ። ደህና ነበርኩ። ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ዓርብ

ጠዋት ግፊቱ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ሌላ ምክንያት አስፈለገ። መርዶ አንድ ሽማግሌ አይሄድበትም፤ ወንጌላዊ ጴጥሮስ አብረው መሄድ አለባቸው። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ጎረቤት ናቸው፤ ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ሲጸልዩ ሸራው ይንቀጠቀጣል። ቤታቸው ስንሄድ የሉም። ጸሎት ላይ ናቸው ተባለ። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አሁንም ጸሎት ላይ ናቸው። ወደ ማታ መንገድ ላይ ሙዝ ሲገዙ አገኘናቸው።

"እየጸለይኩበት ነው" አሉ ሙዙን እንደያዙ። "ገና ፈቃድ አልመጣም።"

"ሰኞ ከመሆኑ በፊት ይመጣል?" አልኳቸው።

ጋሽ ላሊሶ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ሽማግሌ እንዲህ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ ስለ ፍርሃት አንድ ነገር ልበል። ፍርሃት በገዛ ስሙ አይመጣም። ማንም ተነስቶ "ፈራሁ" አላለም። አንደኛው "ግፊት" አለ፤ ሁለተኛው "ፈቃድ" አለ፤ ቤታችን ደግሞ "ለአራሷ አዝነን ነው" አለ። እንደ እንግዳ ደህና ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ሰው ተነስቶ ወንበር ይለቅለታል። ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ አይነሳም። መርዶውን ባዘገየነው ቁጥር ይቀላል ብለን ነበር፤ እሱ ግን በየቀኑ ይከብዳል። በመጀመሪያው ቀን የምንነግራት አንድ ሞት ነበር። አሁን ሞቱ አለ፤ ቀብሩ እንዳመለጣት አለ፤ በዚያ ላይ በስልክ ያናገረችው ሰው ማን እንደነበር አለ።

የጋሽ ላሊሶ ሚስት እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ያያሉ። ለእራት ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፤ ማባያው ዳጣ ከእናቴ ዳጣ ይበልጥ ያቃጥላል፤ ዓይኔ እስኪያለቅስ በላሁ። አቧራ የጠገበ ሸሚዜንም ሳልጠይቃቸው አጥበው ሰቀሉልኝ። ባላቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ።

"እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት ለብርሃኔ እንዳይመስልህ። ለጆሯቸው ነው። ስትጮህ መስማት አይፈልጉም።"

ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው ጮኹ። "ላሊሶ! ነገ ካልሄድክ ያንን ማሽን ለዶሮዎቹ ነው የማስርላቸው!"

ፈቃዱ በዚያችው ማታ መጣ።

ቅዳሜ

የዲምቱ መኪና አሮጌ ነው። ሰው ከታች፣ ሙዝና ጆንያ ከላይ፤ መሀል ላይ ደግሞ አንዲት ፍየል። እየወረድን ስንሄድ አየሩ ተለወጠ። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ስለሆነች እኛ በጠዋት ሹራብ እንለብሳለን፤ እዚያ በጠዋት ሸሚዝ ይከብዳል። እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎው እየበዛ ይሄዳል። መሬቱ ዝርግ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ ሲጠፋ እኔ ትንሽ ይጨንቀኛል። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ጎማው ሲቀየር ወንጌላዊ ጴጥሮስ ሆዴን አሉ። ወደ በቆሎው ማሳ ገቡ። ጎማው ተቀየረ፤ ሰው ተሳፈረ፤ እሳቸው አልወጡም። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። በመጨረሻ ወጡ፤ መኪናው ትቷቸው ይሄዳል ብለው ተስፋ አድርገው እንደነበር ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። የማሳው ባለቤት ገበሬ ተከትሏቸው ወጣ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ በጣሳ ውኃ አምጥቶ አጠጣቸው፤ ለእኛም የተጠበሰ በቆሎ ሰጠን። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "የመምህሩ ሚስት? እስካሁን አልሰማችም?" አለ። ከተማው ሳንደርስ በቆሎ ማሳ ውስጥ ያለ ሰው ያውቃል።

ዲምቱ የደረስነው ቀትር አልፎ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ባጃጅ፣ አቧራ። ከሶዶ ጋር ላወዳድራት ብሞክር ሶዶን ፀሐይ ላይ አስጥተው ያሳነሷት ትመስላለች። እዚህ ችግር ተፈጠረ። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነው፤ ስለዚህ እስከ እሁድ ንጋት ብርሃኔ እንዳታየን መደበቅ አለብን። በዚህች ከተማ መደበቅ በሰሌን ላይ መደበቅ ነው።

ሸምሱ የሚባል ባለሱቅ አዳነን። ቤተሰቦቹ ከስልጤ መጥተው እዚህ የከረሙ ናቸው፤ የብርሃኔ ባል ደንበኛው ነው። ጋሽ ላሊሶ በአማርኛ አስረዱት፤ በአማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። "እህቱ ደካማ ነው፣ በድንገት ካየን ይወድቃል" አሉት።

"የምታወሩት ስለ ብርሃኔ ነው?" አለ ሸምሱ። "ትናንት የስኳር ኩንታል ከእኔ ጋር አንስታለች። ይሁን፣ ጋሼ፣ በኋላ በር ግቡ። ሽማግሌ ደብቄ ግን አላውቅም።"

መጋዘኑ ውስጥ ከበቆሎ ጆንያ ጀርባ ካርቶን አነጠፈልን። ዳቦና ሻይ አመጣልን፤ ሻይውን ሲያስቀምጥ "ከተማው በሙሉ ያውቃል እኮ" አለኝ። "ሴቶቹ ልጇን ሊጠይቁ ሲሄዱ ነጠላቸውን በሐዘን አጣፍተው ይወጣሉ፤ በሯ ጋ ሲደርሱ ያስተካክላሉ። ባሏ በር ላይ ቆሞ ለገባ ሁሉ 'አልሰማችም' ይላል። እኔ ራሴ ሬዲዮ አልከፍትም። አሁንማ ስኳር ስትጠይቀኝ እንኳ እደነግጣለሁ።"

እንዲህ ሆነን ተቀምጠን ሳለ ድምፅዋን ሰማሁ።

"ሳሮ፣ ሸምሱ!" አለች ከሱቁ በኩል፤ የእኛ ሰላምታ ነው። ጋሽ ላሊሶ ጆንያውን አቀፉት። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ሊያስነጥሳቸው መጣ፤ አጠገባችን በርበሬ ነበር፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ።

"ለሰኞ መንገድ ብስኩት ስጠኝ" አለች። "ያን ክቡን። ማርቆስ እሱን ነው የሚወደው።"

"እ... አለ" አለ ሸምሱ።

"ምን ሆነሃል? ላብ አጥምቆሃል። ቆይ፣ የሚፈልገውን ራሱን ልጠይቀው።"

ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እጄ ኪሴ ሳይደርስ ከጆንያው ጀርባ ላሟ እምቧ አለች።

ረጅም ነው ያ ድምፅ። ማርቆስ ሲቀዳው ላሟ ታምማ ነበር። ስልኩን ደረቴ ላይ ጨምቄ አጠፋሁት። ከሱቁ በኩል ብርሃኔ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል።

"ሸምሱ፣ መጋዘን ውስጥ ላም ማርባት ጀመርክ?" አለች። "አይ፣ አይ፣ ምንም እንዳትናገር። ምንም አልሰማሁም!" ከዚያ ድምፅዋን ወደ እኛ ከፍ አደረገች። "ለላሟ ንገራት፤ ቤቴ እራት አለ። ቦዬ እቀቅላለሁ። ውሻውንም አስሬዋለሁ!"

እየሳቀች ሄደች። ማርቆስ ሊያስደንቃት መጥቶ የተደበቀ መስሏታል።

ሸምሱ መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ፤ ብስኩቱ እጁ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ጋሽ ላሊሶ ከጆንያው ራሳቸውን አላቀቁና፣ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ እንዲህ አሉ።

"እንግዲህ ጥሩ ነው። እስከ ንጋት ደስ ይበላት።"

በሕይወቴ ብዙ የፈሪ ንግግር ሰምቻለሁ። እንደዚህ በአዘኔታ የተሸፈነ ግን አልሰማሁም። አሁን የቦዬ ሥር ልጣ ልትቀቅል ነው። ውሻ ልታስር ነው። አንድ ሳህን ጨምራ ልትጠብቅ ነው። ተነሳሁ።

"የት ነው?" አሉ ወንጌላዊ ጴጥሮስ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አውጥተው።

"እራት ተጠርቼ።"

"መርዶ በማታ አይነገርም! ብቻህን ደግሞ! አንተ ልጅ ነህ!"

"ስልኩ ላይ እሱን ስሆን ልጅ ነህ ያለኝ የለም" አልኩ። ሌላም ልናገር ነበር፤ ምላሴ ተሳሰረ። እንዲህ ነኝ፤ የምለው ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣልኝ። ሸምሱ የኋላውን በር ከፈተልኝና ብስኩቱን እጄ ላይ አደረገው።

ቤቷ ቅርብ ነው። እግሬ ግን እንደ ሌላ ሰው እግር ከበደኝ። ስንት ሰው ላይ ስሳለቅ የመጣሁት እኔ፣ ሁለቴ ቆሜ ወደ ሱቁ ዞር አልኩ። ጋሽ ላሊሶ ቢለኩኝ ደስ ይላቸው ነበር።

ባሏ መምህር ዘካርያስ በር ላይ ቆሟል። ሲያየኝ ከልማድ የተነሳ "አልሰማችም" አለኝ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ። "ሽማግሌዎቹስ?"

"ከበቆሎ ጆንያ ጀርባ ናቸው።"

ውሻው እውነትም ታስሯል። ብርሃኔ ሕፃኑን ታቅፋ ብቅ አለች። አየችኝና ደስ አላት፤ ግን ወዲያው በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላዬ ተመለከተች።

"አንተም መጥተሃል? ላሟስ የት አለች? ውሻው ታስሯል በለው፣ ይግባ።"

ስልኩን ከኪሴ አወጣሁ። ለሷ ዘረጋሁላት።

"እኔ ነበርኩ" አልኳት። "ስትደውይ... ሁልጊዜ... እኔ ነበርኩ። ማርቆስ የለም፣ ብርሃኔ። ከወለድሽ በኋላ ነው። ሞተሩ..."

ስልኩን አየችው። እኔን አየችኝ። ሕፃኑን ለባሏ ሰጠችው፤ ቀስ ብላ፣ አንገቱን ደግፋ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጮኸች።

ይህ ነው እንግዲህ። ሁሉም የሚፈራው ጩኸት ይህ ነው። ጩኸት ነው። ያማል፤ ሰው ግን አይገድልም። ሳታባራ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንዶቹ ወንበር ይዘው። ምን ያህል ሲጠብቁ እንደነበር ያኔ ነው የታወቀኝ። መምህር ዘካርያስ ከሁሉም በላይ አለቀሰ፤ በር ከመጠበቅ ነፃ የወጣ ሰው ለቅሶ ነበር። መሀል ላይ ሕፃኑ ሲያለቅስ ብርሃኔ ሳታስበው እጇን ዘርግታ ተቀበለችውና አጠባችው። ወተቱ ነበረ። ሕፃኑ ጠጥቶ ተኛ።

ለቅሶው ቀዝቀዝ ሲል ወደ እኔ ዞረች።

"ማን አለቀሰልኝ?" አለችኝ።

አልገባኝም።

"ቀብር ላይ። በእኔ ቦታ ማን ቆመ? የኔን ለቅሶ ማን አለቀሰልኝ?"

"ማንም" አልኳት።

"'እህል በልተሻል' ትለኝ ነበር። ማርቆስ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ልጅ ስወልድ ሰው ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።"

ቦዬው ቀርቦ ነበር፤ በላሁት፤ አንደኛው ሳህን እንዳለ ቆየ።

እሁድ

ሲነጋጋ ጋሽ ላሊሶና ወንጌላዊ ጴጥሮስ መጡ። ልማዱ እንደሚያዘው ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ በሰልፍ። መርዶው ሌሊቱን ሙሉ በከተማው ሲለቀስ አድሯል፤ እነሱ ግን ያዘጋጁትን ንግግር ይዘው መጡ። ግቢው በለቅሶኛ ሞልቶ እያዩ ጋሽ ላሊሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ ብርሃኔ፣ ሰው ሁሉ እንደ ሣር ነው..."

"ጋሼ፣ ጆንያው ተመቻችሁ?" አለቻቸው።

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ላሊሶ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። እኚህ ማርቆስን በእጃቸው አጥበው የገነዙ ሰው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሱም ነበር፤ ሲለኩ ነበር። አሁን መሬት ላይ ወድቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ያነሳቸውም ሰው ጠፋ፤ ብርሃኔ ራሷ ተነስታ አነሳቻቸው። እኔ ለማፌዝ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር። ዋጥኩት።

ወንጌላዊ ጴጥሮስ ጸለዩ። ረጅም ነበር፤ ድምፃቸውም ተመልሶ ትልቅ ሆኗል።

ሸምሱ ሁለት ኩንታል በቆሎ ለለቅሶው ላከ። የትኞቹ ጆንያዎች እንደሆኑ አወቅኳቸው።

ሰኞ

ብርሃኔ ሰኞ እሄዳለሁ ብላ ነበር፤ ሄደች። ሁምቦ ሳይሆን ሶዶ፣ መቃብሩ ጋ። መምህር ዘካርያስ ፀሐይ፣ አቧራ፣ ጎማ እያለ ዘረዘረላት። ሰማችውና ሕፃኑን አዘለች። መኪናው ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እናቴ ብታይ ራሷን ትስት ነበር። የሄድንበት መንገድ ስንመለስ እንዴት እንዳጠረ ይገርማል። ማንም ሆዱን አላመመውም።

ሶዶ ከፍታ ላይ ናት፤ ስንደርስ ብርድ ነበር፤ ነጠላዋን ለሕፃኑ ደረበችለት። መቃብሩ ላይ ሁለት ውሾች አፈሩ ላይ ተኝተው ነበር፤ አዲስ አፈር ለስላሳ ነውና። ብርሃኔ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች።

"ሂዱ!" አለቻቸው። "ከሱ ላይ ውረዱ! እሱ ውሻ ይፈራል!"

ውሾቹ ሮጡ። ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት። ከሞተ ጀምሮ ስለ ማርቆስ እውነት የተናገረ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዲምቱ ከመመለሷ በፊት ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አደረገችው። "ያዘው" አለች፤ "ላንተ ሌላ ቁጥር አልይዝም።" እምቢ ልላት ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር።

አሁንም ትደውላለች። ባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ መሀል፣ ላሟ በድንገት እምቧ ትላለች፤ ሰው ይስቃል። አነሳዋለሁ።

"ማነው?" ትላለች፤ እያወቀች፤ ሁልጊዜ።

"ታምራት ነኝ" እላታለሁ።

ትንሽ ዝም ትላለች። ያቺ ዝምታ የእሱ ናት፤ አልነካትም። ከዚያ፣

"እህል በልተሃል?" ትለኛለች።